ከእማዬ ካፖርት የወጣው ሳንቲም

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ ዚፕ ብቻ ስቀይር ዋልኩ። ስድስት ዚፕ! ሰው ብርድ ሲመጣ ነው ጃኬቱ እንደማይዘጋ ትዝ የሚለው። ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ እሰፋለሁ፣ ሬዲዮ በካውያ ትተኩሳለች። ሬዲዮ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጠዋት ከተከፈተች በቃ። እሷም አትተወኝም፣ "ያንቺስ ባትሪ መቼ አልቆ ያውቃል?" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ "ደረሰኝ አትሰጪኝም?" አለችኝ። "የኔ እመቤት፣ ሃያ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ልብስ ይዤ ስሮጥ ያየኝ አለ?" አልኳት። ሳቀች፣ ትታው ሄደች። እኛ ጋ ወረቀት የለም። ልብሱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ እይዛለሁ፣ ባለቤቱን በመልኩ አውቀዋለሁ፣ አለቀ። ደረሰኝ ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ሌባ ያሉኝ ይመስለኛል።

ከሰዓት ታላቅ እህቴ እትዬ ደወለች። "ሚጢ፣ ዘንድሮ ብርዱ ሊገድለኝ ነው። የእማዬን ካፖርት አሳጥሪልኝና ልልበሰው። እሁድ 25 ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።" ሃምሳ ልሞላ ነው፣ ለእሷ አሁንም ሚጢ ነኝ።

ደስ አለኝ። እማዬ ካረፈች በኋላ በስፌት መኪናዋ ተጣልተን ሁለት ዓመት አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። እኔ "የምሰፋበት እኔ ነኝ" ብዬ ወሰድኩ፣ እሷ "ሳትነግሪኝ ወሰድሽ" አለች። የታረቅነው አምና ነው። ያን ቀን ቃል ተገባባን፤ ከእንግዲህ ከእማዬ ዕቃ አንዲት መርፌ ብትሆን ሁለታችን ሳንነጋገር አትነካም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ካፖርቱን ከቁም ሣጥን አወጣሁት። አራት ጣት ያህል ማጠር አለበት፤ እትዬ ከእማዬ አጠር ትላለች። የሰፋው አባዬ ነው። የእሱ ስፌት ደግሞ... ምላጭ ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩት። ሟች ከመቃብር ሆኖ "አትተርትሪው" የሚለኝ ነው የመሰለኝ።

አባዬ ካፖርት ሲሰፋ ከፊት በኩል፣ ቀኝና ግራ የጠርዙ ጥግ ላይ፣ ክብደት ያለው ነገር ይከትበታል። ነፋስ እንዳያገላብጠው፣ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ። ቁራጭ ብረት ይሆናል ብዬ ከቀኝ ጀመርኩ። በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በክር እንደ መስቀል ታስሮ ወጣ። ፈታሁት።

ሳንቲም! የመዳፌን መሐል የሚሞላ። ጠቁሯል፤ ክሩ ያረፈበት ላይ ብቻ ነጣ ያለ መስቀለኛ መስመር ቀርቷል። በአንድ በኩል ጢማም ሰው፣ በሌላው ባለ ሸራ መርከብ። ጽሑፉ የማን እንደሆነ እንጃ። ይከብዳል። ለመጠኑ በጣም ይከብዳል።

የግራውን ጠርዝ ከላይ በጣቴ ዳበስኩት። እሱም ክብ ነው። ጓደኛው ይሆናል... አልፈታሁትም። መጀመሪያ የዚህ ነገር ይታወቅ።

አባዬ ያውቅ ነበር? ወይስ ከደንበኛ ኪስ ወድቆ ያገኘው "ክብደቱ ጥሩ ነው" ብሎ የከተተው ነው? እሱን አውቀዋለሁ። ወርቅም ቢሆን ክብደቱን ነው የሚያየው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

እትዬ ደወለች። "ካፖርቱን ብል አልበላውም?"

"ደህና ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አለ ብለሽ ነው።"

ዘጋሁና ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ለምን አልነገርኳትም? ላስገርማት ብዬ ነው። ዋጋውን አውቄ፣ ስትመጣ መዳፏ ላይ ላስቀምጥላት... እንዲህ ነው ለራሴ የምነግረው። ይህን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ ግን ልጻፈው። ጥቂት ቀን ለብቻዬ ልይዘው አማረኝ። ብነግራት ደግሞ "ተይ፣ አትንኪው፣ እስክመጣ ቁጭ አድርጊው" ትለኛለች። እሷ ሁልጊዜ ታዛለች፣ እኔ ሁልጊዜ ሚጢ ነኝ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ንጹሑ ሰውዬ መጣ። ስሙን አላውቅም፤ ሦስት ወር ሆነው ሱሪ ማምጣት ከጀመረ። ንጹሑ ያልነው ሱሪውን አጥቦ ስለሚያመጣ ነው። ይህን ያልሰፋ ሰው አይረዳውም። ሰው ለጥገና ልብስ ሲያመጣ በላቡ፣ በጭቃው፣ ኪሱ ውስጥ መሐረቡን እንኳ ሳያወጣ ነው የሚጥልልን። እሱ ግን ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ኪሱ ባዶ።

እየለካሁት "ሥራህ ምንድን ነው?" አልኩት እንዲሁ ለወሬ። "የድሮ ገንዘብና የድሮ ቴምብር እመረምራለሁ፣ እህቴ። ሰው ቤቱ ያለውን ሳያውቅ በርካሽ ይሸጠዋል፤ እኔ ዋጋውን እነግራለሁ።" መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ሲወጣ ስለ ሳንቲሙ ለሬዲዮ ሹክ አልኳት። ለሌላ ሰው አላልኩም። "ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? እግዜር አምጥቶልሽ!" አለችኝ።

"አላውቀውም እኮ።"

"ሱሪውን አጥቦ የሚያመጣ ሰው ምን ይደብቃል? እኔ ይኸን ሁሉ ዘመን በካውያ ስተኩስ ሰውን በሱሪው አይደል የማውቀው!"

እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት። በሱሪው።


እሁድ፣ ጥቅምት 11

ሳንቲሙን አጠብኩት። እንዲያ ጠቁሮ ለሰው ይዞ መሄድ አሳፈረኝ። በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ ሳደርገው እንደ አዲስ ማንኪያ አበራ። ያ መስቀለኛ መስመርም ለቀቀ። ጢማሙ ሰውዬ ፊቱን የታጠበ መሰለ። ራሴን አደነቅኩ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሄድኩ። ንጹሑ ዓርብ የነገረኝ ቦታ፤ ስልክ ከሚጠግኑበት ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል። ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ሚዛን። ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ ሳንቲሞች። ሻይ አዘዘልኝ። ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገልኝ።

ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብዙ ጊዜ አየ። እኔ እጁን ሳይሆን ፊቱን ነበር የማየው። ፊቱ ምንም አላለም። መጨረሻ ላይ "ያጠቡት እርስዎ ነዎት?" አለ። "አዎ" አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ፈገግ አለ።

"እህቴ፣ እንዲሁ አይቼ ብነግርዎ ውሸታም እሆናለሁ። ሚዛኔ ተበላሽቷል። ብረቱን የሚፈትን ጓደኛ አለኝ፤ እስከ ሐሙስ እኔ ጋ ይቆይ። ካመኑኝ ነው እንግዲህ።"

ካመኑኝ ነው አለ። እና ምን ልበል? አላምንህም ልበለው? ሻዩን ጠጥቼ?

ሰጠሁት። ደረጃውን ስወርድ "ወረቀት መጠየቅ ነበረብኝ" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ተመለስኩ። ከዚያ ያቺ ደረሰኝ ያለችኝ ሴትዮ ታወሰችኝ። እኔ ያን ቀን የተሰማኝ እሱም ሊሰማው ነው... አፈርኩ። ወረድኩ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ሐሙስ ሩቅ ነው። ሁለት ጊዜ ቁልፍ አገላብጬ ሰፋሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

የማይረባ ነው!

ንጹሑ ራሱ አዝኖ ነበር። "እህቴ፣ ተቀድቶ የተሠራ ነው። ለአንገት ጌጥ ብለው የሚያመርቱት ዓይነት። ብሩም ብር አይደለም። የአባትዎ ማስታወሻ ነውና ይያዙት፣ እንጂ ገንዘብ ሆኖ የሚገዛዎ የለም።" ሳንቲሙን በነጭ ፖስታ አድርጎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ስንት ልክፈል ብለው "ለምኑ?" አለ፣ "መጥፎ ወሬ ነግሬ ገንዘብ አልቀበልም።"

እንደሱ ያለ ሰው አለ? በሚቀጥለው የሚያመጣውን ሱሪ በነጻ እሰፋልሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ፖስታውን ሳልከፍት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሬዲዮ "ወይ ነዶ! እኔ ደግሞ የሠርግ ልብስ መርጬ ነበር" አለች። የማን ሠርግ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ትንሽ ከፍቶኛል። ትንሽ ደግሞ ቀለለኝ። ለእትዬ የምደብቀው ነገር የለም ማለት ነው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት ሱቅ ውስጥ የካፖርቱን ሥራ ልጨርስ ተቀመጥኩ። ሳንቲሙን ከፖስታው አውጥቼ፣ ልብ ብዬ ሳላየው፣ እንደነበረ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በክር አስሬ፣ ቀኙ ጥግ መለስኩት። ዋጋ ባይኖረውም ካፖርቱን ይዘረጋዋል፤ የአባዬም እጅ ነው። ጠርዙን ቀመቀምኩና ልብስ የምንለካባት ራስ የሌላት ሴትዮ ላይ አለበስኩት።

ጠማማ ነው! ግራው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ቀኙ ግን ይንሳፈፋል። ስፌቴ ነው ብዬ ፈታሁ፣ እንደገና ሰፋሁ። ያው። ሬዲዮ ካውያዋን አስቀምጣ መጣች፣ ጎንበስ አለች። "ይሄ እኮ ቀሎት ነው" አለች። ከዚያ ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም አለች!

የግራውን ተረተርኩ። በተመሳሳይ ጨርቅ፣ በተመሳሳይ ክር፣ በዚያው መስቀለኛ አስተሳሰር። ጥቁር፣ መስመሩ ያለበት፣ ያው ጢማም ሰው፣ ያው መርከብ። የፖስታውን በቀኝ መዳፌ፣ ይኼኛውን በግራ ያዝኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀኝ እጄ ላይ ምንም የሌለ መሰለኝ።

ዓይኔን ስከፍት ደግሞ ሁሉም ነገር ታየኝ። ከፖስታው የወጣው ጢሙ የተድበሰበሰ ነው፣ ፊደሎቹ እርጥበት እንደነካው ዳቦ ያበጡ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ለምን አላየሁትም? ፖስታውን መክፈት ያለማመን መሰለኛ! ሰውየው ፊት መክፈት...

እኔ የወሰድኩለት ይህ አይደለም። እንዲህ እንዳልለው ደግሞ ማስረጃ የለኝም፤ እሱ ጋ የቀረው ላይ ያ መስመር ቢኖርበት ኖሮ "ይኸው ከወንድሙ ጋር በአንድ ዓይነት ክር የታሰረ ነው" እል ነበር። በጥርስ ሳሙና ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፎቶ? ስልኬ ውስጥ የጎረቤት ድመት አርባ ቦታ ተነስታለች። የሳንቲሙ አንድም የለም።


ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ከሬዲዮ ጋር ሄድን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፎቆች ስትፎክር ወጣች፣ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራት።

ንጹሑ ተነስቶ ተቀበለን። "ይግቡ እህቴ። ውሃ ላምጣ?"

"የሰጠኸኝ የኔ አይደለም" አልኩት። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነብኝ።

"እንዴት?"

"ይቀላል። ፊቱም ሌላ ነው።"

ሳንቲሙን አየው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ያመጡልኝ ይህንኑ ነው። ፎቶ አለዎት?"

"የለኝም።"

"የሰጠሁዎ ወረቀት አለ?"

"አልሰጠኸኝም!"

"ጠየቁኝ?"

ሬዲዮ "አንተ ዓይን አውጣ! የድሃ ዕቃ በልተህ ታጥቦ ሊወጣልህ ነው?" ብላ ጮኸች። እሱ ወደኔ ብቻ እያየ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንዲህ አለኝ፦ "እህቴ፣ ስንት ሰው ልብሱን ትቶልዎት ይሄዳል። ነገ አንዱ መጥቶ 'ይህ የኔ ሱሪ አይደለም፣ ቀይረሽብኛል' ቢልዎት ምን ይሉታል?"

እንዲህ ያለውን ለማለት ስንት ጊዜ ተለማምዶት ይሆን? ለስንት ሴት?

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሬዲዮም አጠገቤ ቁጭ አለች። ቆይታ "እኔ ነኝ ያስገባሁሽ" አለች። "አይደለሽም። እኔም በሱሪው ነው ያየሁት" አልኳት።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ፖሊስ ጣቢያ። መርማሪው ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ። ሁለቱንም ሳንቲም ደረደርኩለት። ጻፈ፣ ጻፈ፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

"እናቴ፣ ይኸኛው እውነተኛ መሆኑ ያኛው መቀየሩን አያሳይልኝም። የሰጠሽው ምን እንደነበር ያየ ሌላ ሰው አለ?"

"እኔ አይቼዋለሁ።"

"ከአንቺ ሌላ።"

ሬዲዮ እንኳ በወሬ እንጂ በዓይኗ አላየችውም። ለማንም አላሳየሁም፤ ለእህቴ እንኳ። ተደብቄ ነበራ!

"እንጠራዋለን፣ እንጠይቀዋለን። ግን ብዙ አትጠብቂ" አለኝ። ሌላ ሰው ከከሰሰው እንደሚደውልልኝ ነገረኝ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

እሁድ እትዬ ትመጣለች።

እስኪ ላስበው። እትዬ ስለ ሳንቲሙ አታውቅም። ስለ ሁለቱም። ቁራጭ ብረት ግራና ቀኝ ብከት ካፖርቱ ቀጥ ይላል። ትለብሳለች፣ ትመርቀኛለች፣ ትሄዳለች። የቀረው ሳንቲም መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣል። ማን ያውቃል? ማንም።

ብነግራትስ? ከእማዬ ዕቃ ሳልነግራት አወጣሁ። ሳልነግራት ለማላውቀው ሰው ሰጠሁ። አሁን "ቀየረብኝ" ልላት ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አምናለሁ? አላምንም! ሸጣ በልታ ነው፣ አሁን ተረት ትነግረኛለች እላለሁ። በስፌት መኪና ሁለት ዓመት ነው የተኮራረፍነው፤ በዚህስ ስንት? ሁለታችንም ወጣት አይደለንም። ሌላ ሁለት ዓመት ከየት እናመጣለን...

ብረቱን ቆርጬ አዘጋጅቼዋለሁ። ሁለት ቁራጭ። ጠረጴዛው ላይ ናቸው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ቀኙን ሰፋሁት፣ በብረቱ። ግራውንም ሰፋሁት። ካፖርቱ ያምራል። እንዳማረ ሰቅዬ ወጣሁ። ስመለስ ግን ማየት አቃተኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።


እሁድ፣ ጥቅምት 25

እትዬ በአራት ሰዓት ቤቴ ደረሰች። እግሯን ታማለች፤ ደረጃው ላይ ሦስቴ አረፈች። "ሚጢ፣ ከስተሻል። ምነው አመመሽ?" አለችኝ ገና በሩ ላይ።

ካፖርቱን አለበስኳት። መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች። "አቤት አባዬ! እጁ እኮ ልዩ ነው። እይው እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ!" አለች። ጠርዙን ይዛ ዳበሰችው፣ እንደ ልጅ ፈገግ አለች። እኔ መርፌ ትራሱን ይዤ ጀርባዋ ላይ ቆሜያለሁ።

"እትዬ፣ አውልቂው" አልኳት።

"ለምን?"

"የምነግርሽ አለ። ለብሰሽው መናገር አልችልም።"

ነገርኳት። ከመጀመሪያው። ከንጹሑ ሱሪ እስከ ጥርስ ሳሙናው፣ እስከ ፖሊሱ፣ እስከ ብረቱ ድረስ። መሳቢያውን ከፍቼ የቀረውን ሳንቲምና ቀላሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እትዬ ሁለቱንም በመዳፎቿ መዘነቻቸው፤ ልክ እንደ እኔ፣ ዓይኗን ጨፍና።

"ሰውየውን ስንት ጊዜ አግኝተሽዋል?" አለችኝ።

"ሱቅ ሲመጣ... አራት ወይ አምስት ጊዜ።"

"እኔንስ?"

ምን ይባላል? እኔን አዝላ ያሳደገች ናት።

"ትከለክይኛለሽ ብዬ ነው" አልኩ።

"እከለክልሽ ነበር" አለች። "አዎ! እከለክልሽ ነበር!"

"አልሸጥኩትም፣ እትዬ። በእማዬ አፈር።"

"አልሸጥሽውም ልልሽ ፈልጌያለሁ" አለች፣ "ግን ሳልዋሽ ማለት አልቻልኩም። ጊዜ ስጪኝ።" ሻዩን አልቀመሰችም። የቀረውን ሳንቲም በመሐረቧ ቋጥራ ያዘች። "ይህ እኔ ጋ ይሆናል።"

"ይሁን።"

ካፖርቱን ሳትወስድ በዚያ ብርድ ሄደች። መስኮት ላይ ሆኜ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አየኋት። እያነከሰች። ዞር ብላ አላየችም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ጊዜ ስጪኝ አይደል ያለችው።

ንጹሑ አዲስ ሱሪ ላከ፣ በሌላ ሰው እጅ! ታጥቦ፣ ታጥፎ። በነጻ እሰፋለሁ ብዬ ቃል የገባሁትን ነው እንግዲህ። ድፍረቱ! ሬዲዮ ከነጉዱ በካውያ ልታቃጥለው ነበር። ተቀበልኳትና ላመጣው ሰው መልሼ ሰጠሁት። "ሌላ ሱቅ ይፈልግ በለው" አልኩት። ደግ መልስ አልነበረም፣ ግን የእኔ ነበር።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ደወለች!

"ሚጢ።"

"አቤት።"

"ፖሊሱን በስልክ ጠየቅኩት። ክስ አስገብታለች ወይ ብዬ።"

"እሺ..."

"አስገብታለች አለኝ። የሸጠ ሰው ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም ብዬ አሰብኩ።" ቆም አለች። "ለማሳመን የሚሄድም ይኖራል ብዬ ደግሞ አሰብኩ። ሁለቱንም አሰብኩ። እንዳልደብቅሽ ነው።"

"እትዬ፣ ደህና አደረግሽ" አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። እንባዬ ስልኩ ላይ ይወርዳል።

"የድሮ ዕቃ የሚያስቀምጡበት ቤተ መዘክር ውስጥ የምትሠራ ሴትዮ አለች አሉኝ። አትገዛም፣ አትሸጥም፣ አይታ ትናገራለች። ዓርብ አብረን እንሂድ። አብረን፣ ሰማሽ? እኔ ሳንቲሙን እይዛለሁ፣ አንቺ እኔን ትይዣለሽ፤ እግሬን አሞኛል።"


ዓርብ፣ ኅዳር 7

ሄድን። የቤተ መዘክሯ ሴትዮ የጥጥ ጓንት አጠለቀች። ሳንቲሙን ከመንካቷ በፊት "ስልክ አላችሁ? ፎቶ አንሱት፣ ፊቱንም ጀርባውንም" አለችን። እትዬ አነሳች፤ የመጀመሪያው ላይ አውራ ጣቷ ነው የወጣው። ሴትዮዋ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን እኛው እንድናነብ አደረገች፣ ወረቀት ላይ ጽፋ አስፈረመችን። ከዚያ ነው ማጉያውን ያነሳችው። "ዓይናችሁን ከእሱ ላይ እንዳታነሱ፣ እኔም ብሆን" አለች እየሳቀች። ይኸን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? እኛን ቅር ያሰኛል፣ እሷንም ያስከፋል ብዬ ካሰብኩት ነገር ሁሉ አንዱም ማንንም አላስከፋም።

"እውነተኛ ነው" አለች። "ብር ነው፣ አሮጌ ነው። ብዙ አይገኝም። ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ራሱ ገዢ ከሆነ ግን ሌላ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ።" ቀጥላም "አላጠባችሁትም፣ አይደል? ጎበዞች። የታጠበ ሳንቲም ግማሽ ዋጋውን ነው የሚያጣው" አለች።

እትዬ ወደኔ ዞር አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "አላጠብነውም፤ ይኼኛውን" አለች።

የመጀመሪያው ስንት ያወጣ እንደነበር አልጠየቅንም። ሁለታችንም። በመንገድም አላነሳነውም።

እግሯ ስላበጠ ወደኔ ቤት መጣን። ይህን ልጻፈው፤ ከስፌት መኪናው ፀብ ወዲህ እትዬ እኔ ቤት ስትቀመጥ ቦርሳዋን ከጭኗ አታወርድም። ታረቅን ከተባለም በኋላ። እጇን ልትታጠብ ስትነሳ እንኳ ይዛው ትነሳለች። አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ዛሬም አላወረደችም፤ ዛሬ ደግሞ ውስጡ ሳንቲሙ አለ።

"እንሽጠው ወይስ እናስቀምጠው?" አልኳት።

"ዛሬ አንወስንም። ስንወስን አብረን ነን።" ከዚያ ድክም ብሏት ሶፋው ላይ ጋደም አለች፣ ቦርሳውን እንደታቀፈች። ብርድ ልብስ አምጥቼ ከትከሻዋ ጀምሬ አለበስኳት። ቦርሳው ጋ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ።

"አልተኛሁም" አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

ቦርሳውን ጠበቅ አደረገችው። ቆይታ ትንፋሿ ከበድ አለ። መኝታ ቤት ገብቼ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። ስትነቃ እንድታየኝ ከፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ሁለቱም እጆቼ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።